የጆሮው ገጽ

«እንጥሏ ወርዷል። ዛሬ ካልተቆረጠ ነገ የለችም።»

ይህን የሰማሁት ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ ነው። የእኔንና የእትዬ አበበችን ቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ አባታችን ሲሞት አንዱን ቤት ለሁለት ከፈልነውና ወዲያ ያስነጠሰ ሰው ወዲህ ይማርህ ይባላል። እትዬ ታላቄ ናቸው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቺ ብያቸው አላውቅም። የሚናገሩት ለምራታቸው ለወርቅነሽ ነበር። ወርቅነሽ አልመለሰችም፤ እሷ ለአማቷ መልስ ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ልጇ ፈንታነሽ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራ ድምጿ አልቆ ሲር ሲር ትላለች። ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆናት ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያጎረሷትን ትተፋለች፣ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። የጥቅምት ብርድ የደብረ ታቦርን መሬት አመዳይ አልብሶት ነበር፤ ከደጅ እስከ ደጅ ያለው መንገድ አምስት እርምጃ አይሞላም፣ እግሬ ግን ደንዝዞ ደረሰ።

የእትዬ ቤት ጨለማ ነው። አንድ መስኮት አለው፣ እሱም በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል። መደብ አለ፣ የልብስ ሣጥን አለ፣ ከሣጥኑ በላይ የልጃቸው የሙላቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ኤርትራ ከወረደ በኋላ በወታደር ልብስ ተነስቶ የላከው ነው። ቤቱን የያዘው ምሰሶ መሐል ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ ገብቶ የሚያየው ሙላቴን ነው። እኔ የማየው ምሰሶውን ነው። እንጥል የሚቆርጡልን የጋፋቱ አያ ዘውዱ የቆረጧትን ቅንጣቢ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ይለጥፏታል፤ እሷ ስትደርቅ ሕመሙም አብሮ ይደርቃል ይላሉ። ፈንታነሽ ሳትወለድ በፊት የለጠፏት ዛሬም እዚያው ናት፣ ጠቁራ፣ የምስር ክክ አክላ። የታላቅ ወንድሟ የሞላ ናት። ልጁ ግን የለም። ደሙ አልቆም ብሎ በእቅፋችን አለቀ፤ ይቺ ደግሞ በእሱ ፈንታ መጣች ተብላ ፈንታነሽ ተባለች። እትዬ ቤቱን ለዓመት በዓል ሲያሳምሩ ምሰሶውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ይወለውሉታል፤ እዚያች ቅንጣቢ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይዘላታል። አላነሷትም፣ አላጠቧትም። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። በዚህ ቤት የሞላ ስም አይነሳም፤ «ያን ጊዜ» ነው የምንለው።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አልኋቸው።

«ያን ጊዜስ አልወሰድንም? ሰልፍ ላይ ውለን፣ ሐኪሙ ስብሰባ ነው ተብለን አይደል የተመለስነው? ዘገየን። በማግሥቱ አያ ዘውዱን ስንጠራ መሽቶብናል። እኔ ሁለተኛ አልዘገይም።»

«የገደለውኮ መዘግየቱ አይደለም።»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ወርቅነሽም አየችኝ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሆነ፤ እትዬ እሳቱን እፍ አሉ፣ ወርቅነሽ ልጇን በጋቢ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለች፣ እጆቿን ጭምር፣ ብርድ እንዳይገባ። እኔም የጀመርኩትን አልጨረስኩም። ጎንበስ ብዬ «የት ነው የሚያምሽ፣ የእኔ እናት?» ብላት ልጅቱ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። የታመመ ሕፃን እንዲህ ሲሉት ዓለም ሁሉ ነው የሚያመው፤ የትኛውን ብሎ ይንገር?

«ከእኔ ጋር ወደ ሕፃናት ማቆያው ልውሰዳት፣ እያየኋት ትዋል» አልኩ።

«የትም አትሄድም። አያ ዘውዱን አስጠርቻለሁ፣ ከቀትር በኋላ ይደርሳሉ። ሙላቴ ሲመጣ ‹አደራህን ሁለተኛም በላሁት› ልበለው? አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል።»

ወርቅነሽን አየኋት። አንድ ቃል ብትናገር ልጅቱን ነጥቄ እሮጥ ነበር። አልተናገረችም። ልጅ የእናት ነው ይባላል እንጂ በእኛ ቤት ልጅ የአያት ነው።

ሥራዬ የቀበሌያችን የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው፤ እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ ልጆችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ቤቱ የአንድ ባለርስት እህል ማከማቻ ነበር፤ ተወርሶ ለልጆች ሆነ፤ ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ዛሬም ገብስ ገብስ ይሸታል። ኃላፊያችን ወይዘሪት ከድጃ ናት፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ልጇ ብትባል የምታምር። አንድ ሣጥን መጫወቻ ከአዲስ አበባ ተልኮልን በውስጡ አንድ መጽሐፍ አገኘን። ገጹ እንደ ካርቶን የጠነከረ ነው፣ ሕፃን ቢነክሰው አይቀደድም። በየገጹ አንድ የገላ ክፍል አለ፤ እዚህ ዓይን፣ እዚያ አፍንጫ፣ እዚያ ሆድ፣ ከሥሩ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። የገላ መጽሐፍ እንለዋለን። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ማታ ማታ ያልገባኝ ንባብ የገባኝ በእሱ ነው። አንድ ቀን ጓድ ፈንታሁን ከቀበሌ መጥተው የመቀመጫውን ገጽ አዩና ተቆጡ፣ «ይህ ለሰፊው ሕዝብ ልጅ ምን ይጠቅማል?» ብለው ከሚቀጥለው ገጽ ጋር በሙጫ አጣበቁት። እሳቸው ከወጡ በኋላ በሙቅ ውኃ አላቀቅሁት። ልጆቹ መቀመጫ ያላቸው መስሎኝ ነው። ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ።

መጽሐፉን «አስተምሪበት» ነበር የተባልኩት። ማስተማር አላውቅም፤ ማጠብ ነው የማውቀው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከማጠቤ በፊት የማጥበውን ገላ ገጽ እገልጣለሁ። የዓይኑን ገጽ አሳይቼ ዓይናቸውን፣ የጆሮውን አሳይቼ ጆሯቸውን፣ እንዲህ እያልኩ እስከ እግር። መጀመሪያ ያለቀሱ ነበሩ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣባቸው ሲያውቁ ጊዜ ግን ራሳቸው ጆሯቸውን ያቀርቡ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን የባለሱቁ የሙሳ ልጅ፣ ገና ሁለት ቃል የማይናገረው፣ መጽሐፉን እየጎተተ መጣና የእጁን ገጽ ከጉልበቴ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ታጥቧል፣ ምን ፈለገ? ጣቱን ባየው እሾህ ተሰክቶበታል። ሌሎቹም ከእሱ አዩ፤ ደህና ስትሆን ከእኔ ጋር እዚያ የምትውለው ፈንታነሽም አንዷ ናት። ሆዱን የቆረጠው የሆዱን፣ ዓይኑ የቀላ የዓይኑን ገጽ ያመጣል። እኔ ይህን አላስተማርኳቸውም። እነሱ ናቸው ያመጡት።

ያን ቀን የሃያ ልጅ ፊት ሳጥብ ያየሁት የአንዷን ፊት ብቻ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ወደ ወይዘሪት ከድጃ ሄድኩ።

«መጽሐፉን ለዛሬ ስጪኝ።»

«የመንግሥት ንብረት እኮ ነው፣ እትዬ ትርንጎ። ከዚህ በር አይወጣም። ጓድ ፈንታሁን መጥተው ቢያጡት እኔን ነው የሚይዙኝ።»

«ትርንጎ ሰረቀች በያቸው። ቤቴን ያውቁታል።»

«ደግሞ ለምንዎ ነው?»

ነገርኳት። ስነግራት እጇ ሳታውቀው ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። ከዚያ «የቁም ሣጥኑ ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው። እኔ ወተቱ እንዳይገነፍል ልየው» ብላ ወጣች። ምድጃው ላይ ወተት አልነበረም።

በቀበሌው ሱቅ በኩል ሳልፍ ስኳር መጣ ተብሎ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ነጋዴ ጋ ዋጋው ሦስት እጥፍ ስለሆነ ከሰልፉ የሚወጣ ሰው የለም፤ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የያዘ ሁሉ አለ። አንዲት ጎረቤቴ ከነጠላዬ ሥር ያበጠውን አይታ ከሩቅ ጮኸች።

«ትርንጎ! ከጓሮ በር ወጣልሽ አይደል? ስኳር ነው ሳሙና?»

«ጆሮና አፍንጫ ነው» አልኋት።

«ውይ፣ የእኔንም ቆርጠሽ እንዳትወስጂ!» ሰልፈኛው ሳቀ። ሳቁ ከኋላዬ ሲከተለኝ እግሬን አፋጠንኩ።

ስደርስ አያ ዘውዱ ደርሰዋል። እጃቸውን ታጥበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ የቀዱላቸውን አረቄ በአንድ መለኪያ አቁመዋል፣ «ሥራ ያለው እጅ አይጠጣም» ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም። ለሥራቸው አንድ ዶሮ ከሰጧቸው ይቀበላሉ፣ ካልሰጧቸውም አይጠይቁም። ከጨርቅ ውስጥ ማጭድ የመሰለች ትንሽ ብረት አውጥተው ሳፋው አጠገብ አኑረዋል። ወርቅነሽ ልጅቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ይዛለች። አያ ዘውዱ በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭነው አዩና «ወርዷል። ቀልቷል» አሉ። ልጅቱ በዚያ ባለቀ ድምጿ ጮኸች። እትዬ ፊታቸውን ወደ ሙላቴ ፎቶግራፍ አዞሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እመቤቴን ይለምናሉ። ያኔ ገባኝ፣ እኔ ከምፈራው በላይ ይፈሩ ነበር።

መጽሐፉን አወጣሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አያ ዘውዱ።

«የቀበሌው ነው። የሚያማትን ራሷ ትንገረን።»

እትዬ ሳቁ፤ የንዴት ሳቅ ነው። «አፏን ያልፈታች ልጅ ከወረቀት ጋር ልታነጋግሪልን? ሦስት ፊደል ቆጠርሽና ሐኪም ሆንሽ!»

«ሐኪም አልሆንኩም። እሷን በሚገባት የጠየቃት ሰው ስለሌለ ልጠይቃት ነው።»

«እንጥል አለው?» አሉ አያ ዘውዱ፣ አንገታቸውን ወደ መጽሐፉ አስግገው። እያሾፉ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

ውሸት አይሆንልኝም። «የለውም። አፍ አለ፣ አንገት አለ። እንጥል የለም።»

«እንግዲያ ያላወቀውን ምን ብሎ ይነግረናል?» አሉ እትዬ።

ከወርቅነሽ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩና «እጆቿን ፍቻት» አልኳት። ጋቢውን ላላ አደረገችው። ልጅቱ መጽሐፉን ስታይ ልቅሶዋን ዋጥ አደረገች፤ የምታውቀው ነገር ወደማታውቀው ቀን መጣላት። ዓይኑን ገለጥኩ። አየችው፣ አልነካችውም። አፍንጫውንም እንዲሁ። አፉን ስገልጥ ትንሿን መዳፏን ሙሉ በሙሉ አኖረችበት።

«ይኸው!» ብለው እትዬ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ከራስሽ ወረቀት! አፌን አለችሽ!»

«አያ ዘውዱ አሁን በማንኪያ ስለነኳት ነው እንጂ...»

«አየሽ? እንዳሰብሽው ካላለችልሽ ልጅቱ ተሳስታለች! ታዲያ ምን አመጣሽው?»

እውነታቸውን ነበር። አያ ዘውዱ ብረቷን አነሱ። «ወርቅነሽ፣ ልጅቱን ስጪያቸው» አሉ እትዬ።

ወርቅነሽ አልተንቀሳቀሰችም።

«አልሰማሽም?»

«እሷው ገልጣ ትጨርስ፣ እማማ» አለች ወርቅነሽ።

በቀስታ ነው ያለችው። እትዬ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አያ ዘውዱ ሁለቱን ሴቶች አዩና ብረቷን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ትጨርስ። ጠብ ባለበት ቤት እጄ አያምርም» አሉ። እኔም እጄን ከመጽሐፉ አነሳሁ። ልጅቱ በራሷ ትገልጥ ጀመር። ወፍራም ገጽ ነውና ሁለቱን ባንድ ላይ ታዞራለች። ሆዱን አለፈችው። እጁን አለፈችው። እግሩ ጋ ደርሳ መጽሐፉ አለቀ። እትዬ ተነፈሱ። ልጅቱ ግን የምትፈልገውን ያጣች ሰው ሆና ወደ ኋላ መለሰችው፣ አንድ፣ እንደገና አንድ፣ እስከ ጆሮው ድረስ። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን አልሰደደችም። አጎንብሳ፣ በትራስ ላይ እንደሚተኛ ሰው፣ ግራ ጆሮዋን ከተሳለው ጆሮ ላይ አስተኛችና ዓይኗን ጨፈነች። ካርቶኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ሳይመቻት አልቀረም።

«ትታጠብ መስሏት ነው» አሉ እትዬ፣ ድምጻቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ወይም እንቅልፍ ወሰዳት።»

ወርቅነሽ የልጇን ራስ ቀስ አድርጋ አነሳች። የተሳለው ጆሮ ረጥቧል። ቢጫ፣ በመሐሉ እንደ ክር የቀጠነ ደም ያለበት፣ ሽታው ከእኔ ዘንድ የሚደርስ። ከትንሿ ጆሮ ወደ አንገቷ እየተንጠባጠበ ነበር።

አያ ዘውዱ መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት፣ አሸተቱት። «መግል ነው። ጆሮዋ ነው የፈረጠው። ይህ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም» ብለው ብረቷን በጨርቋ ጠቀለሉ።

«እንጥሏስ? ቀልቷል አላሉም?» አሉ እትዬ።

«ያለቀሰ ልጅ ሁሉ እንጥሉ ይቀላል፣ አበበች።»

ይህን ያሉት ለማጽናናት ነው። ካሉት በኋላ ግን ራሳቸው ሰሙት። ዓይናቸው ወደ ምሰሶው ሄደ፣ እዚያች ቅንጣቢ ላይ ቆየ፣ ተመለሰ። እትዬም ወደዚያው አዩ። አያ ዘውዱ በትራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ዶሮዋ እግሯን ታስራ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር፣ ተራምደዋት ወጡ። ወደ ጋፋት የሚወስደውን የእግር መንገድ ሲይዙ ከኋላ አየኋቸው፤ ቅድም መደቡ ላይ ያየኋቸው ሰውዬ ሳይሆኑ ሌላ ሽማግሌ ይመስሉ ነበር።

ልጅቱን ወርቅነሽ አዘለቻት፣ እኔ ከኋላ ጋቢዋን ደግፌ ሐኪም ቤት ወረድን። ሰልፍ ነበረ። ተሰለፍን። አንድ ድሬሰር ጆሮዋን ጠርጎ መርፌ ወጋት፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንድንመልሳት አዘዘ። «ጉሮሮዋን ማንም እንዳይነካው» ሲል ወርቅነሽ «ማንም አይነካውም» አለችው፣ ቀጥ ብላ እያየችው። በመንገድ ስንመለስ ልጅቱ እናቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷት አፏ ተከፍቶ ነበር።

ከብቶች ወደ በረት ሲገቡ ደረስን። እትዬ ከተውናቸው ቦታ አልተነሱም። እሳቱ ጠፍቷል፤ ዶሮዋን ግን ፈትተዋታል። ወርቅነሽ ልጅቱን መደቡ ላይ አስተኝታ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ አለች። እኔ በእርጥብ ጨርቅ የጆሮውን ገጽ ወለወልኩ። ነገ ለወይዘሪት ከድጃ ምን እንደምላት አስብ ነበር፤ ቀለሙ ተነስቶ ጆሮው ላይ እንደ ዳመና ያለ ምልክት ቀርቷል፣ አይለቅም።

«እስቲ አምጪው» አሉ እትዬ።

ሰጠኋቸው። እትዬ መሠረተ ትምህርት አልገቡም፤ «በስተርጅና ከልጅ ጋር አልሰለፍም» ብለው በቅጣት ስኳር የተከለከሉ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ።

«ይህ ዓይን ነው።»

«አዎ፣ ዓይን ነው።»

«ይህ አፍንጫ።» ጣታቸው ሥዕሉን ዳሰሰ፣ እንደ ሰው ገላ፣ በቀስታ። «አፍ። ጆሮ።» በደበዘዘው ላይ ትንሽ ቆዩ። «ሆድ።» ከዚያ ገጹን እንደያዙ ቀሩ። የወርቅነሽ እጅ ከምድጃው ላይ ቆመ።

«ሞላን» አሉ እትዬ። ስሙ በዚያ ቤት ውስጥ ተጠራ። «ሞላንስ የት ነበር ያመመው፣ ትርንጎ?»

ጠዋት በግድግዳው በኩል ስሰማ ስንት መልስ ነበረኝ። ለዓመታት ስንት መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አሁን ሲጠይቁኝ አንዱም አልመጣ አለኝ፤ ምክንያቱም አላውቅም፣ እኔም ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም፤ የጠየቀው የለም።

እትዬ መልስ አልጠበቁም። እጁን ገለጡ። እግሩን ገለጡ። መጽሐፉ ሲያልቅ ወደ ፊት መለሱትና እንደገና ከዓይኑ ጀመሩ።